ከጨንቻ ደጋ እስከ ዓረብ አገራት፦ የእንክብካቤ ሥራና የጾታ እኩልነት

በጨንቻና በአካባቢዋ ቀበሌያት አንዲት ወጣት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ስታስብ፣ በቤተሰቡ ዘንድ አስቀድሞ የሚነሳው ጉዳይ የሚከፈላት ደመወዝና የጉዞዋ ወጪ ነው። ከዚህ ባልተናነሰ ሊነሱ የሚገባቸው ሌሎች ጥያቄዎች ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሱ ይቀራሉ። እርሷ ስትሄድ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን አያት ማን ይረዳል? ልጆቹን ማን ይይዛል? በሄደችበት ቤትስ የሚጠብቃት ሥራ በትክክል ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የእንክብካቤ ሥራ ምንነትን፣ በዓረብ አገራት ያለበትን ሁኔታ፣ ከጾታ እኩልነት ጋር ያለውን ግንኙነት፣ እንዲሁም ተጓዦችና ቤተሰቦች ሊያውቋቸው የሚገቡ ሕጎችን ያብራራል።

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ምንድን ነው?

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ማለት በእርጅና፣ በአካል ጉዳት ወይም በማይድን ሕመም ምክንያት ራሱን ችሎ መኖር ለማይችል ሰው በየዕለቱ የሚደረግ እገዛ ነው። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ልብስ መለወጥ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መስጠት፣ ደግፎ ማስነሳትና ማስተኛት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ሥራው በወራት ሳይሆን በዓመታት ይቆጠራል።

ክብደቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ብቻ መመልከት ይበቃል። ከአልጋ መነሳት የማይችል ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑን መለወጥ እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ይህም በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 12 ጊዜ ማለት ነው። ሥራው በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ ከወደቀ፣ ያቺ ሴት በቂ እንቅልፍ የምታገኝበት ሌሊት የለም። ቦታው ጨንቻም ሆነ ኩዌት ይህ አይለወጥም፤ የሚለየው አንዱ ያለ ክፍያ፣ ሌላው በክፍያ መሠራቱ ነው።

በጋሞ ደጋ ሸክሙ የማን ነው?

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጨንቻ፣ በዶርዜና በሌሎች የጋሞ ደጋ አካባቢዎች የሥራ ክፍፍሉ ከጥንት የቆየ ነው። ሸማ መሥራት የወንዶች፣ ጥጥ መፍተል የሴቶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። እንሰት ፍቆ ቆጮ ማዘጋጀት፣ ውኃ መቅዳት፣ ምግብ ማብሰልና ልጅ ማሳደግም የሴቶች ድርሻ ነው። በርካታ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢዎች ሲሠሩ፣ በደጋው የቀረው እርሻና ቤት በአብዛኛው በእናቶችና በሚስቶች እጅ ይቆያል።

በባህሉ የበኩር ወንድ ልጅ፣ በጋሞኛ ባይራ የሚባለው፣ የአባቱን ቤትና ኃላፊነት የመረከብ ክብር አለው። አረጋውያን ወላጆችም በአብዛኛው በወንድ ልጃቸው ቤት ወይም በአጠገቡ ይጦራሉ። ሆኖም የጧሪነቱ ስም የወንዱ ሲሆን፣ ውኃ አሙቃ የምታጥበው፣ አጥሚት አዘጋጅታ የምታጎርሰውና ሌሊት የምትነሳው ምራቲቱ ወይም የልጅ ልጂቱ ናት። ይህ ድካም ደመወዝ ስለሌለው እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ «ቤት ነው የምትውለው» ተብሎ ይታለፋል።

ሕጉ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አያደርግም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይጠበቅበታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ሲያስቀምጥ፣ ግዴታውን ለሴት ልጅ ብቻ አልሰጠም። ይሁን እንጂ ሕጉ በራሱ ወንዶችን ወደ ቤት ሥራ አያመጣም። ለምሳሌ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለእናት 120 ቀናት የወሊድ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው።

በዓረብ አገራት ያለው ሁኔታ

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዓለም ደረጃ ሴቶች ክፍያ በሌለው የእንክብካቤ ሥራ ላይ በቀን በአማካይ 265 ደቂቃ ሲያሳልፉ ወንዶች 83 ደቂቃ ብቻ ያሳልፋሉ። ይህም ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። በዓረብ አገራት ልዩነቱ ከዚህም የሰፋ ሲሆን፣ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። በክፍያ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሴቶች ድርሻም ከሌላው ዓለም ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው።

በእነዚህ አገራት አረጋውያንን መጦር የቤተሰብ ግዴታ ተደርጎ ይታያል፤ ወላጅን በመጦሪያ ተቋም ማስገባትም በብዙዎች ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። የመጦሪያ ተቋማትም ጥቂት ናቸው። በሌላ በኩል የዓረብ ሴቶች በትምህርትና በሥራ እየገፉ ነው። በባህረ ሰላጤው አገራት፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ባልና ወንድም ሸክሙን እንዲካፈሉ ማድረግ ሳይሆን፣ ከኢትዮጵያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኬንያና ከሌሎች አገራት ሴት ሠራተኛ መቅጠር ሆኗል።

ስለዚህ አንዲት የቤት እመቤት ቢሮ የምትውለው ሌላ ሴት በቤቷ ስለተተካች ነው። የተተካችው ሴት ደግሞ በጨንቻ የተወችውን ቤት እናቷ ወይም ታናሽ እህቷ ተረክባዋለች። ታናሽየዋ በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ልትቀር ትችላለች። ሥራው ከሴት ወደ ሴት ተላለፈ እንጂ ለወንድ አልደረሰም። በዚህ መንገድ የሚገኝ እኩልነት በአንድ ቤት የተገኘውን እፎይታ በሌላ ቤት ዕዳ የሚከፍል በመሆኑ ሙሉ እኩልነት ሊባል አይችልም።

የከፋላ ሥርዓት

በእነዚህ አገራት የውጭ ዜጎች የሚቀጠሩት ከፋላ በሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው። ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ቤቱን ለቅቃ ብትወጣ ሕገ ወጥ ነዋሪ ልትባል፣ ልትታሰርና ልትባረር ትችላለች። በዚህም የተነሳ ደመወዟን ብትከለከል ወይም ግፍ ቢፈጸምባት እንኳ ለመክሰስ ትፈራለች።

ባለፉት ዓመታት የተወሰኑ ለውጦች ታይተዋል። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኞች በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን እንዲኖራቸውና አሠሪዎች ፓስፖርታቸውን እንዳይይዙ ደንግጋለች። ኳታር በ2017 የሥራውን ሰዓት በቀን 10 አድርጋለች፤ በ2020 ደግሞ ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ከአገር እንዲወጡና ሥራ እንዲቀይሩ ፈቅዳለች። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በ2020 በሊባኖስ የኢኮኖሚ ቀውስና የኮሮና ወረርሽኝ በተደራረቡበት ወቅት፣ አሠሪዎቻቸው ያሰናበቷቸው በርካታ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሜዳ ላይ ማደራቸው የሚታወስ ነው።

ሕግ ባለበት አገርም ቢሆን፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ከተቆጣጣሪ ዓይን የተሰወረ ነው። በተለይ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ለምትንከባከብ ሠራተኛ የቀንና የሌሊት ሥራ ወሰኑ ስለሚጠፋ፣ የሰዓት ገደቡ በወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አግዶ ነበር። በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ አስወጥታለች። እገዳው በ2010 ዓ.ም. የተነሳ ሲሆን፣ ሥምሪቱ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ይህንኑ ባሻሻለው በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ሲመራ ቆይቷል።

በአዋጁ መሠረት ሥምሪት የሚፈቀደው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደፈረመችባቸው አገራት ነው። ተጓዧ 18 ዓመት የሞላትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት መሆን ይኖርባታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪዎችን የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባትና የመሳሰሉትን የግል ሰነዶች ወጪ ብቻ ነው። ስለሆነም ለቪዛና ለአውሮፕላን ትኬት በሚል ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ከሕግ ውጭ እየሠራ መሆኑን ቤተሰብ ሊያውቅ ይገባል። ለዚህ ሲባል በሬ መሸጥም ሆነ መሬት በኮንትራት መስጠት አያስፈልግም። በሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው።

ከጉዞ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በቅድሚያ የኤጀንሲውን ሕጋዊነት በአቅራቢያ ከሚገኝ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማጣራት ያስፈልጋል። በጉብኝት ቪዛ ለሥራ መሄድ ከሕግ ጥበቃ ውጭ ያደርጋል። በሥራ ውሉ ላይ «የቤት ሥራ» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ፣ በቤቱ የሚጦር አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ መኖሩንና አለመኖሩን፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የዕረፍት ቀንንና የሌሊት ዕረፍትን መጠየቅ ተገቢ ነው። የውሉንና የፓስፖርቱን ቅጂ ለቤተሰብ መተው፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክን መያዝ፣ ደመወዝንም በራስ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይመከራል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚመለከተው በቤት የሚቀሩትን ነው። ተጓዧ ከመነሳቷ በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ የእርሷን ሥራ ማን እንደሚረከብ ቢወስን መልካም ነው። ሁሉም ነገር በአንዲት አሮጊት እናት ወይም በተማሪ እህት ላይ እንዳይወድቅ፣ አባትና ወንድሞች ድርሻቸውን በግልጽ ሊይዙ ይገባል። ሽንት ቤት ማድረስ፣ ጎን መለወጥና ማጉረስ ለወንድ ልጅ እጅ የማይከብዱ ሥራዎች ናቸው። ልጂቱ ከምትልከው ገንዘብም በእርሷ ቦታ ለምትደክመው ሴት ድርሻ ማሰብ ፍትሐዊ ነው።

በዓረብ አገር ባለው ቤት ዋጋ የተተመነለት ይህ ሥራ በጨንቻ ቤት ውስጥም ዋጋ አለው። ልጃችን በባዕድ አገር እንድትከበር የምንሻውን ያህል፣ በጓዳችን ያለችውን ተንከባካቢ ድካም ማክበርና መካፈል ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ይጠበቃል።