አጋፋሪ የሌለው ግብር

ባለፈው ዓመት መዝጊያ ላይ ከመካከላችን የአንዷ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ግብዣ አደረገ። ቦሌ አካባቢ ያለ ሆቴል፣ ቡፌ፣ ባንድ፣ ኬክ፣ የምስጋና ወረቀት። ጓደኛችን ሄደች፤ ጥብሷን በላች፤ ከሒሳብ ክፍል ልጆች ጋር ፎቶ ተነሳች፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ "የሰፈሬ ታክሲ ሳይጠፋ" ብላ ወጣች። ሰኞ ቢሮ ስትገባ ለሦስት ወር ሥልጠና ናይሮቢ የሚሄደው ሰው ታውቋል። ማስታወቂያ አልወጣም፣ ፈተና አልነበረም። ልጁ ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ እስከ እኩለ ሌሊት ቆይቶ ነበር፤ ነገሩ ያለቀውም እዚያ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እሷም ሰነፍ ነው አላለችም። ያለችው "እኔ እኮ ግብዣ መስሎኝ ነው የሄድኩት" ብቻ ነው።

ይህቺ ንግግሯ ከእኛ ጋር ከረመች። እውነት ለመናገር እዚህ አገር ግብዣ ግብዣ ብቻ የነበረበትን ዘመን ፈልገን አላገኘንም። ዛሬ በየሥልጠናው "ኔትወርኪንግ" እየተባለ በፓወር ፖይንት የምንማረው ነገር ለቅድመ አያቶቻችን እንግዳ አልነበረም። እንዲያውም ሁለት ስም ነበረው፦ ደጅ ጥናት እና ግብር።

ደጅ ጥናት የምታውቁት ነው። ሹመት፣ ርስት ወይም ፍርድ የፈለገ ሰው ጌታው ደጅ ላይ ይከርማል። ጠዋት ይመጣል፣ ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሳል፣ በቅሏቸውን ተከትሎ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል፤ በማግስቱም እንደዚያው። ወር ያልፋል፣ አንዳንዴም ዓመት። ስንቁ ያለቀበት ወደ አገሩ ይገባል፤ ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት አርፎ ይጠብቃል። እጅ መንሻ የያዘ ደግሞ በሩ ትንሽ ቶሎ ይከፈትለታል።

ግብር ግን ሌላ ነው፤ ቃሉ ራሱ ጉድ ነው። ግብር ስንል ለመንግሥት የሚከፈለው ነው። ግብር ስንል ደግሞ ንጉሡ ወይም መኳንንቱ ለሠራዊቱና ለባለሟሉ የሚያበላው ድግስ ነው። ግብር ማግባት፣ ግብር ማብላት። ገባሩ በአህያ ጭኖ ያገባው እህልና ማር፣ የነዳው ሙክት፣ በሌላው በር እንጀራ፣ ጠጅና ወጥ ሆኖ ይቀርባል። (ገባሩ ራሱ በየትኛው በር እንደሚቆም መገመት አያስቸግርም።)

ነገሩ በደንብ የታሰበበት እንደነበር የሚያሳይ ሰነድም አለን። በግዕዝ የተጻፈው የቤተ መንግሥቱ "ሥርዓተ ግብር" ለማን ምን እንደሚደርሰው እስከ ዝርዝሩ ይደነግጋል። የመኻል ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ማን የማን በላይ እንደሆነ ያወቀው ከማዕዱ ላይ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ያሠሩት ባለ ሦስት ክፈፍ ጣሪያ የግብር አዳራሽ የዚህ ሁሉ ማሳረጊያ ይመስለናል። በአንድ ጊዜ ሺህዎችን ይይዝ ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከታላላቆቹ ጋር በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ፤ ንጉሥ ሲበላ ዓይን ሊያየው አይገባምና። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሌላው ሰው እንደ ማዕረጉ በተራ በተራ ይገባል። አንዱ ወገን በልቶ ሲወጣ ሌላው ይተካል። ቁርጡ ከፊትህ ይንጠለጠላል፣ ጠጁ በብርሌ ይዞራል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ አንዱን ያሞግሳል፣ ሌላውን በቅኔ ይወጋል። በር ላይ አጋፋሪው ቆሟል። ማን መቼ እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ እሱ ያውቃል፤ ያለ ቦታው የተቀመጠውንም ያስነሳዋል።

ጠጁ ከገባ በኋላ ደግሞ ፉከራው ይመጣል። አርበኛው ተነስቶ ከንጉሡ ፊት ይቆምና የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ እየተንጎራደደ ይዘረዝራል። ዛሬ "በአንድ ደቂቃ ራስህን አስተዋውቅ" እያሉ የሚያሠለጥኑን ሰዎች ያንን አዳራሽ ቢያዩ ኖሮ ዝም ብለው ማስታወሻ ይይዙ ነበር። ደግሞ ጎራዴ ብቻ አልነበረም የሚያስጠጋው። አለቃ ገብረ ሃና በዘመኑ ቤተ መንግሥት ዙሪያ ስማቸው የገነነው በሊቅነታቸው ብቻ ሳይሆን በምላሳቸው ጭምር ነው።

ግብሩ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘመን ቀጥሏል፤ ከጎኑ ግን ኮክቴል የሚባል ነገር መጣ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም መሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ ብቻ አልነበረም የተዋወቁት። ድግስ ነበር፣ ሙዚቃ ነበር፣ ሚርያም ማኬባ ዘፍናለች። ኮክቴል ከግብር የሚለየው ሰው ቆሞ ስለሚጠጣ ነው። የቆመ ሰው ደግሞ ቦታ የለውም፤ ወይም የሌለው ይመስላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ግብር ሲበሉ የነበሩ ሹማምንት ታሰሩ። ብዙዎቹን ያጎሯቸው እዚያው ምኒልክ ግቢ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ሰዎች ተረሸኑ። ስለዚህ ቀን ቀልድ የለንም። ደርግ ማዕዱን አጠፋ፣ ደጅ ጥናቱን ግን አላጠፋውም። ስሙ ስብሰባና የውይይት ክበብ ሆነ፤ ኢሠፓ ሲመሠረት ደግሞ የአባልነት ደብተር ሆነ። የዚያን ሰሞን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ድግስ ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበር።

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ያው የምኒልክ የግብር አዳራሽ ታድሶ እንግዳ ተቀበለ። "ገበታ ለሸገር" ነበር፤ የአንድ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር። ገንዘቡ ለአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ልማት የሚውል ነበር፤ ለከፈለው ሰው ግቢውን መጎብኘትና ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ፎቶ መነሳት ነበረው። ወንዙ መልማቱን አንጠላም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድሮ በዚያ አዳራሽ ንጉሡ ነበር አብልቶ ታማኝነት የሚገዛው። በ2011 ዓ.ም. ግን እንግዳው ከፍሎ ገባ። ግብር ማግባትና ግብር ማብላት በአንድ ምሽት፣ በአንድ ወንበር ላይ ተገናኙ። ነጋዴዎቹ የራታቸውን ዋጋ የወጥ ሒሳብ ነው ብለው እንዳልከፈሉ ደግሞ እኛም እናውቃለን፣ እነሱም ያውቃሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ጉዞ በኋላ ነው የጓደኛችንን ግብዣ እንደገና ያሰብነው። የግብር አዳራሹን ናፍቀን አይደለም። ያ አዳራሽ በገባር ላብ የቆመ ነው፤ እኛ በዚያ ዘመን ብንኖር አብዛኞቻችን ከአህያው ጋር ውጭ ነበርን። ግን አዳራሹ አንድ ነገር አይደብቅም ነበር። የገባ ሁሉ ለምን እንደገባ ያውቃል፤ ማዕረጉ ከቁርጡ ይታያል፤ አጋፋሪውም በዓይን ይታያል። የእኛ ቢሮ ፓርቲ ግን "ዛሬ አለቃና ምንዝር የለም፣ እንደ ቤተሰብ እንጫወት" ብሎ ይጀምራል። አጋፋሪ የለም ይባላል እንጂ አለ። አጋፋሪው የታክሲ ሰዓት ነው። አጋፋሪው ቤት የሚጠብቅ ሕፃን ነው። አጋፋሪው አለመጠጣት ነው፤ ሦስተኛውን ውስኪ እንቢ ያለ ሰው ከክቡ ቀስ ብሎ ይወጣልና። ነቢያትን ጾሞ ገና ሳይደርስ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ግብዣ ላይ ሰላጣ የሚቆረጥመውም ልጅ እንደዚያው ነው። እነዚህን ማንም አዝዞ አላቆማቸውም፤ ግን ከድሮው አጋፋሪ ይልቅ ጠንካሮች ናቸው፣ ምክንያቱም አይለመኑም።

እኛ ለጓደኛችን የመከርናት ምክር ይህ ሁሉ ታሪክ የለበትም። "ሰኞ ገብተሽ ሥልጠናው በምን መስፈርት እንደተሰጠ በጽሑፍ ጠይቂ" አልናት። ጠየቀች። የመለሱላት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ "በቀጣይ ዙር ትታያለሽ" የሚል አንድ መስመር። ወረቀቱን አልጣለችውም።

የዘንድሮው የግብዣ ጥሪ ባለፈው ሳምንት ደርሷታል፤ ሆቴሉ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ከአሥራ ሁለት ወደ አንድ ተኩል ተገፍቷል። ከክፍሏ አምስት ሴቶች ገንዘብ አዋጥተው የኮንትራት መኪና ተነጋግረዋል፤ ሹፌሩ እስከ ሰባት ሰዓት ውጭ ይጠብቃቸዋል። እሷ የምትጠጣው አምቦ ውኃ ነው።