የሚታየው ጠመንጃ እና የተሸጎጠው ሽጉጥ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነቀምቴ ውስጥ ቡና ጋበዘኝ። ዛሬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገዱ መከፈትና መዘጋት ስንጨዋወት ከቆየን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት፤ ስለ መሣሪያም ብዙ አንብበዋል። ከኮት ሥር ሲያዝ የማይታወቅ፣ ቀለል ያለ ሽጉጥ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ፈቃድ የሚያወጣበት መንገድ እንዳለው፣ ገንዘቡንም እንዳዘጋጀ፣ የቸገረው ምርጫው ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። የሚሰማኝ መስሎኝ አንድ ሁለት ቃል ተናገርኩና ወሬ ቀየርኩ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልሰጠው ሲገባኝ ያልሰጠሁት መልስ ነው። ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ለሁላችሁም አቀርበዋለሁ።

ከስሙ እንጀምር። ሽጉጥ የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ሸጎጠ ማለት ደበቀ፣ ወተፈ፣ በጉያ ያዘ ማለት ነው። አማርኛ ይህን መሣሪያ የሰየመው በሚተኩሰው ጥይት ወይም በሠራው አገር አይደለም፤ በሚደበቅበት ሁኔታ ነው። ጠመንጃ የሚለው ቃል ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር የተዛመደ ይመስላል። የሚገርመው በቱርክኛ ታባንጃ ሽጉጥ ማለት መሆኑ ነው። እኛ ግን ቃሉን ወስደን ለረጅሙና ለሚታየው መሣሪያ ሰጠነው፤ ለአጭሩ ደግሞ ከራሳችን ግስ ሌላ ስም አወጣንለት። በወለጋ ኦሮምኛም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ረጅሙ «ቀዌ» ሲባል አጭሩ «ሹጉጢ» ይባላል፤ የኋለኛው ከአማርኛ የተወሰደ ነው። ሕዝቡ ሁለቱን መሣሪያዎች በስም የለየው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የመጀመሪያውን እንመልከት። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በእምባቦ የሸዋና የጎጃም ጦር ተዋግተው ራስ ጎበና ዳጬ ካሸነፉ በኋላ፣ የለቃ ነቀምቴው ገዢ ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ ገበሩ። በዚህም የውስጥ አስተዳደራቸውን ለማቆየት ቻሉ። ልጃቸው ኩምሣ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ወደ አዲስ አበባ እየላኩ ግዛቱን መሩ። በዚያ ዘመን ስናድሩ፣ ውጅግራው፣ ኋላም ምንሽሩ የሥልጣን መለኪያ ነበር። መኳንንት ሲጓዙ ጠመንጃ ያዦች ከፊትና ከኋላ ይሰለፉ ነበር። የጠመንጃው ቁጥር የሚቆጠር፣ ማን ለማን እንደሰጠው የሚታወቅ፣ ባለቤቱም በጠመንጃው የሚጠራ ነበር። በአንዳንድ የደቡብና የምዕራብ ገበያዎች ጥይት እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር ተጽፏል።

ይህን ስል ያን ዘመን ለማወደስ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። ነፍጠኛ የሚለው ቃል ከነፍጥ መውጣቱን፣ የገባር ሥርዓትም በዚያው ነፍጥ ጥላ ሥር መቆሙን የወለጋ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በደሉ የሚታይ ነበር። የታጠቀው ማን እንደሆነ፣ በማን ስም እንደታጠቀ፣ ከእሱ የሚሸሽ ወዴት እንደሚሸሽ ይታወቅ ነበር።

ወረራው ሲመጣም እንዲሁ ነበር። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ማሊዮኮን የያዙ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ብዙዎቹ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች፣ በሌሊት ከብበው መቷቸው፤ ጄኔራሉም እዚያው ሞተ። የአውሮፕላን ስብርባሪ ዛሬም በነቀምቴው ወለጋ ሙዚየም ይታያል። ጥቃቱ በጨለማ የተፈጸመ ቢሆንም ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ ጥርጥር አልነበረም።

አሁን ወደ ተሸጎጠው እንምጣ። በታሪካችን ከሁሉም የገነነው የሽጉጥ ተኩስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተተኮሰው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። የወዳጅነት ምልክት ሆኖ የመጣው መሣሪያ የተተኮሰው በባለቤቱ ላይ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1865 እ.ኤ.አ.፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን ቴአትር እየተመለከቱ ከኋላቸው የተገደሉት በመዳፍ ውስጥ በምትገባ ደሪንጀር ሽጉጥ ነበር።

ሽጉጥን በእርግጥ የሚሸጎጥ ያደረገው ግን አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው። በእሱ ንድፍ የቤልጅጉ ፋብሪካ ኤፍ ኤን በ1906 እ.ኤ.አ. ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ አወጣ። ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ ክብደቱ ከ400 ግራም በታች፣ ካዝናው ስድስት ጥይት የሚይዝ ነበር። ስሙንም ከሰደርያ ኪስ አገኘ። በ1914 እ.ኤ.አ. በሳራዬቮ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደሉበትና የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት የለኮሰው ሽጉጥም የዚሁ ፋብሪካና የዚሁ ሰው ሥራ፣ የ1910ሩ ሞዴል ነው። ወደ እኛም አገር ዓይነቱ በየዘመኑ መጣ፦ ከጣሊያን መኮንኖች ወገብ ቤሬታ፣ ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ወታደራዊ ስምምነት ዘመን ኮልት፣ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሶቭየቱ ማካሮቭ።

ተማሪዬ የጠየቀኝ የአመራረጥ ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። የሽጉጥ ሠሪዎች ሁሉ ያልተሻገሩት አንድ ሕግ አለ፦ ለመደበቅ የሚያመቸው ሁሉ ከኃይሉ ይቀነሳል። የ6.35 ጥይት ኃይል ከታወቀው የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት ኃይል አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ዒላማ ለመምታት ያስቸግራል፤ መያዣው ትንሽ ስለሆነ በተደናገጠ እጅ ውስጥ አይረጋም። ስለዚህ ትንሿ ሽጉጥ የምትሠራው በጣም ሲቀርቡ ብቻ ነው። መቅደላ ላይ ርቀቱ ባዶ ነበር፤ በቴአትር ቤቱ አንድ ክንድ፣ በሳራዬቮ ጥቂት ርምጃ። የጠመንጃ ርቀት የጦር ሜዳ ርቀት ሲሆን የሽጉጥ ርቀት የሰላምታ ርቀት ነው። የሚመታውም ሰላም ለማለት የሚቀርበውን ሰው ነው።

የእኛ ትውልድ ታላላቆች ይህን በ1969 ዓ.ም. በደንብ ተምረውታል። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ በአዲስ አበባ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ በዚያው ወር የደርግ ሕዝብ ድርጅት ሰው የነበሩት ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ ተገደሉ። ኢሕአፓ የከተማ ትጥቅ ትግል ሲል ደርግ ቀበሌዎችን አስታጥቆ «ነፃ እርምጃ» አለ። ትናንት በአንድ የጥናት ክበብ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ያነበቡ ወጣቶች በመንታ መንገድ ላይ እየተጠባበቁ ተገዳደሉ። ማን ጀመረ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። የማያከራክረው ግን ውጤቱ ነው። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ከተማ ነዋሪ ከኋላው የሚመጣውን ኮቴ መቁጠር ለመደ። የፖለቲካ ንግግር በሹክሹክታ ሆነ። ሰው ለጎረቤቱ ልጅ ስሙን ሲጠየቅ እንኳ የሚያመነታ ሆነ።

ወለጋም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የራሱን ተመሳሳይ ትምህርት እየተማረ ነው። በከተሞቻችን የመንግሥት ኃላፊዎችና ፖሊሶች ከቤታቸው ደጃፍና በመንገድ ላይ ተገድለዋል። መንግሥት «አባ ቶርቤ»፣ ባለ ሳምንት እንደ ማለት፣ የተባለ ስውር ቡድንን ተጠያቂ አድርጓል። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች በበኩላቸው በምዕራብ ኦሮሚያ የጸጥታ ኃይሎች ሰዎችን ያለ ፍርድ እንደገደሉ ዘግበዋል። በእነዚሁ ዓመታት ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች በየኬላው በብዛት ሲያዙ ሰምተናል። «ታባንጃ» ከዘመናት በኋላ በእውነተኛ ትርጉሙ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ተኳሹ ያልታወቀበት ግድያ ከገዳዩ ይልቅ የተረፈውን ማኅበረሰብ ያበላሻል፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይጠረጥራልና።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን ልከላከል ቢል ልፈርድበት አልችልም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ቤተሰብ አለው። ነገር ግን የሚገዛው መሣሪያ የሚፈራውን ነገር ያስቀርለታል ወይ? ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የአገሪቱ ጦር ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን የተገደሉት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ጠባቂያቸው ነው። የጦር ኃይሉን ሁሉ የሚያዝዝ ሰው ከቅርብ የመጣን ጥይት ካላመለጠ፣ ስድስት ጥይት የያዘ ኪስ ምን ያህል ያድናል? ከቤት ውጭ የሚፈራውን ሰው ያህል በቤት ውስጥ ያለውም ጉዳይ ያሳስባል። አርተር ኬለርማንና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ መሣሪያ ያለበት ቤት ከሌለበት ይልቅ በቤት ውስጥ የመገደል አደጋው 2.7 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ገዳዩም በአብዛኛው የቤተሰብ አባል ወይም የቅርብ ትውውቅ ያለው ሰው ነበር። አሜሪካ ወለጋ አይደለችም፤ ጥናቱም ብዙ ተከራክረውበታል። የተሸጎጠ ነገር በልጅ እጅ መገኘቱ ግን በየትኛውም አገር አንድ ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። አዋጁ አስፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ራሱ ሠራተኛውን «ራስህን ጠብቅ» ብሎ በሽጉጥ የሚያሰናብት ከሆነ፣ የሕግ ጥበቃ ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ ግለሰብ ኪስ ገባ ማለት ነው። ተማሪዬ የጠየቀኝ የሽጉጥ ዓይነት ይመስላል እንጂ በእውነት የጠየቀው «ማን ይጠብቀኛል?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ብራውኒንግም ማካሮቭም መልስ የላቸውም። መልሱ ያለው ገዳይ በሚያዝበት፣ በችሎት ፊት በሚቆምበት፣ የታጠቀ ወገን ሁሉ፣ መንግሥትም ጭምር፣ ስለ ገደለው ሰው በስም በሚጠየቅበት ሥርዓት ውስጥ ብቻ ነው።

የነቀምቴን ሰው ባኬ ጃማ ሲል የምትሰሙት ከሆነ፣ «ባኬ» በኦሮምኛ ሜዳ፣ ደጅ፣ ገላጣ ቦታ ማለት እንደሆነ አስታውሱ። አባቶቻችን ጉዳያቸውን በኦዳ ጥላ ሥር፣ በሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ይጨርሱ ነበር። ለኢሬቻ ዛሬም ለምለም ሣር ይዘን እንወጣለን እንጂ መሣሪያ አንይዝም። በሜዳ የሚጨረስ ነገር በጉያ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታሪካችን ደጋግሞ ነግሮናል።

ተማሪዬ ሽጉጡን ገዝቶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ተገናኝተን እንደ ልማዳችን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ክንዴ ከኮቱ ሥር ከወገቡ አጠገብ ትንሽ እንደዘገየ ያስተዋልኩት ከተለያየን በኋላ ነው። ሰላም እያልኩት እየፈተሽኩት ነበር። እሱም እንደዚሁ ሲያደርግ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።