ቁጥሩ ከማን ደም ወጣ? የላቦራቶሪ ውጤት ንባብ እንደ ነርሶች ሥራ

በላቦራቶሪ ውጤት ወረቀት ላይ ከታካሚው ቁጥር ጎን የሚታተመው «መደበኛ መጠን» በየሕክምና ክፍሉ የጤናና የሕመም ድንበር ሆኖ ይነበባል። አወጣጡ ግን ለዚህ አያበቃውም። ጤነኛ ናቸው ተብለው ከተመረጡ ሰዎች ውጤት መካከለኛው 95 በመቶ ይያዝና ከላይና ከታች የቀረው ይተዋል፤ በዚሁ ስሌት ከ20 ጤነኞች አንዱ «ከመደበኛው ውጭ» ይሆናል። እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎች ለአንድ ጤነኛ ሰው ቢታዘዙ፣ ቢያንስ በአንዱ ከመጠኑ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ፣ የተወሰደበት ሰው ማን እንደሆነና ከቀድሞው ውጤት ጋር ሲተያይ ወዴት እንደሚያመራ ሲታወቅ ነው። ይህን ደግሞ በአብዛኛው የሚያውቀው ከአልጋው አጠገብ የሚውለው ነርስ ነው። ስለዚህ ውጤት ማንበብ ከነርስነት ሥራ ውጭ ያለ ትርፍ ችሎታ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ነርሱ ያልተሳተፈበት ንባብ ጎዶሎ ነው።

ከናሙናው እንነሣ። የደም ፖታሲየም መደበኛ መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው። 6.4 ሆኖ ሲመጣ የልብን ምት ሊያቋርጥ የሚችል አደጋ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ክንዱ ታስሮ ሳለ ጡጫውን ደጋግሞ ስለጨበጠ ከጡንቻው የወጣ፣ ወይም ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ከፈረሱ ቀይ የደም ሕዋሳት የፈሰሰ ፖታሲየምም ሊሆን ይችላል። ፖታሲየሙ ሲንር ካልሲየሙ ያለ ምክንያት ካሽቆለቆለ፣ ለደም ቆጠራ ከሚያገለግለው ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ የተቀላቀለ ፀረ-መርጋት ኬሚካል ሊጠረጠር ይገባል፤ ኬሚካሉ የፖታሲየም ጨው ነውና። ግሉኮስ ከተሰካበት ክንድ የተቀዳ ደም ስኳሩን አንሮ ያሳያል፤ ሳይለይ የቆየ ደም ደግሞ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነውን ስኳሩን ያጣል። በእነዚህ ሁሉ ማሽኑ የቀረበለትን በትክክል ለክቷል። የተቀዳበትን ክንድና ሰዓት የሚያውቀው ግን የቀዳው ሰው ብቻ ነው።

የሰውየው ማንነት ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል፤ ለኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ በተለይ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላይ ያለች እናት ሄሞግሎቢኗ 11.8 ግራም በዴሲሊትር ሆነ እንበል። ለነፍሰ ጡር የተቀመጠው ወሰን 11 ስለሆነ ደም ማነስ የለባትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግን በዚህ ከፍታ 1.4 ግራም እንዲቀነስ ያዛል፤ ውጤቷ 10.4 ይሆንና ደም ማነስ አለባት ትባላለች። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አይለይም። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በተመሳሳይ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው በጣም ይጨምራል። በባሌ ደጋ የሚኖሩ ሰዎች ላይ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ መጠን አሳይቷል። እንግዲህ አንዱ ቅናሽ ለሁሉም ደገኛ እኩል ይሠራል ማለት አይቻልም። መመሪያውን መጣል አያስፈልግም፤ መመሪያው የማያያትን እናት ግን ማየት ያስፈልጋል። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው ወይስ በቅርቡ ከቆላ መጣች? የመጀመሪያው ክትትል ላይ ስንት ነበር? የብረት እንክብሉን በእርግጥ ትውጣለች? የዓይኗ ሽፋን ውስጡ ነጥቷል? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የሚችለው በክትትል ክፍሉ ያለው ነርስ ወይም አዋላጅ ነው፤ ለእኔ የውጤት ንባብ እምብርቱ እዚህ ላይ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በነጭ የደም ሕዋስ ቆጠራ ይታያል። የደፊ አንቲጅን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ የሌለ ሰዎች፣ ጤነኞች ሆነው ሳለ፣ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው በማይክሮሊትር ከ1,500 ሊያንስ ይችላል። ይህ በእስራኤል በሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም የታወቀ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሲነበብ የካንሰር መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። የዊዳል ምርመራ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያሳስታል፦ በ1896 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው ይህ ምርመራ የሚያሳየው ፀረ እንግዳ አካልን ስለሆነ፣ ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ፖዘቲቭ» መባሉ የዛሬውን ትኩሳት ምክንያት አያረጋግጥም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ መተርጎም የሐኪም ሥልጣን ነው የሚል ነው። ምርመራን ወደ ሕክምና ውሳኔ መለወጥ በእርግጥ የሐኪሙ ኃላፊነት ነው፤ ውሳኔው የሚቆምበትን መረጃ ማሟላት ግን ሥልጣን መንጠቅ አይደለም። ሐኪም በሌለባቸው ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ክርክሩ ራሱ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ዐውድን ማየት የለመደ ሰው እውነተኛውን አደጋ «ናሙናው ተበላሽቶ ነው» ወይም «ከፍታው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስጋቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ጥርጣሬ ወደ ማረጋጋት ብቻ አይመራም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየባቸው ታካሚዎች ውስጥ፣ የደም ወሳጅ ናሙና ከ88 በመቶ በታች የሆነባቸው ከጥቁሮቹ 11.7፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ለጠቆረ ቆዳ «መደበኛ» ቁጥርም ሊጠረጠር ይገባዋል ማለት ነው፤ ትንፋሹ የፈጠነ ታካሚ መለኪያው 94 ስላለ ብቻ አይተውም። አጠራጣሪው ፖታሲየምም እንዲሁ ነው። ነርሱ ናሙናውን ቢጠረጥርም ለሐኪሙ ወዲያው ያሳውቃል፣ የልብ ምት ምርመራ እንዲደረግ ያደርጋል፣ ክንዱን ሳያጠብቅ ሁለተኛ ናሙና ይቀዳል፣ በመጠየቂያው ወረቀትም ላይ ደሙ ከየትኛው ክንድ፣ በስንት ሰዓትና ምን እየተሰጠ ሳለ እንደተቀዳ ይጽፋል።