ከቈጠራ ወደ ትንተና፦ የመንገድ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ችሎታ በአሜሪካ ታሪክ ሲመዘን

መግቢያ

አንድ መሥሪያ ቤት ስንት ሠራተኛ፣ ስንት መሣሪያና ምን ያህል በጀት እንዳለው ማወቅ ብዙ አያስቸግርም። ሠራተኛው በእጁ የገባውን አኃዝ ምን ያህል እንደሚያስተውለው መመዘን ግን እጅግ የከበደ ሥራ ነው። ይህ ችግር በጉልህ ከታየባቸው ሙያዎች አንዱ የትራፊክ ትንተና ነው። የትራፊክ ትንተና ማለት በመንገድ ላይ የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች መቍጠር፣ ከየት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ መመርመር፣ መንገዱ ሊያስተናግድ የሚችለውን መጠን መለካትና ወደፊት የሚመጣውን ፍሰት መተመን ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚደርስ ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ያላስፈላጊ የተሠራ ጎዳና ወይም በከንቱ የፈረሰ መኖሪያ ቤት ሆኖ ይገለጣል።

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቶች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቈጠራው ዘመን

በ1916 የወጣው የፌዴራል የመንገድ ርዳታ ሕግ ርዳታውን የሚፈልግ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። በዚያን ጊዜ ከመሐንዲሱ ይፈለግ የነበረው ችሎታ በአመዛኙ አፈርን፣ ድንጋይንና ድልድይን የሚመለከት ነበር። ጭቃውን አሸንፎ መንገድ ማውጣት ዋናው ተግባር በሆነበት ወቅት፣ በመንገዱ ላይ ማን ለምን እንደሚጓዝ መጠየቅ የቅንጦት ያህል ይታይ ነበር።

መኪና እየበዛ ሲሄድ ግን ጥያቄው ተለወጠ። ከ1919 እስከ 1953 የፌዴራሉን የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመራው ቶማስ ማክዶናልድ መንገድ በጥናት መታቀድ እንዳለበት የሚያምን ሰው ነበር። በ1934 የወጣው ሕግ ክፍላተ ግዛት ከሚያገኙት የመንገድ ገንዘብ እስከ 1.5 በመቶ ድረስ ለጥናትና ለዕቅድ እንዲያውሉ ፈቀደላቸው። ከ1935 ጀምሮም በኸርበርት ፌርባንክ መሪነት አገር አቀፍ የመንገድ ዕቅድ ጥናት ተጀመረ። የመንገዶች ሁኔታ ተመዘገበ፤ ገቢና ወጪያቸው ተመረመረ፤ ተሽከርካሪዎችም በመንገድ ዳር በቆሙ ሰዎችና በቆጣሪ መሣሪያዎች ተቈጠሩ።

ቈጠራው ዋጋ ያገኘው ለተለየ ጥያቄ መልስ በሰጠ ጊዜ ነው። አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ ታላላቅ ጎዳናዎችን ሠርቶ ወጪያቸውን ከተጓዡ በሚሰበሰብ ክፍያ መመለስ ይቻላል የሚል አሳብ በሰፊው ይነገር ነበር። በ1939 ለምክር ቤቱ የቀረበው የቢሮው ሪፖርት የተሰበሰበውን አኃዝ መርምሮ አብዛኛው ጉዞ አጭር መሆኑን አሳየ። ስለዚህ አገር አቋራጭ ጎዳናዎቹ በክፍያ ብቻ ወጪያቸውን ሊመልሱ እንደማይችሉ፣ ታላቁ ችግርም በከተሞች ውስጥና በዙሪያቸው እንደሚገኝ አስረዳ። እዚህ ላይ አኃዙ መረጃ መሆኑ አብቅቶ ማስረጃ ሆነ። ይህን ያደረገው ቆጣሪው መሣሪያ ሳይሆን ጥያቄውን ለይቶ ያወቀው ባለሙያ ነው።

የመጠይቁና የኮምፒዩተሩ ዘመን

በመንገድ ዳር የሚደረግ ቈጠራ ስንት መኪና እንዳለፈ ይናገራል፤ ባለመኪናው ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ግን አይናገርም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1944 ተልሳንና ሊትል ሮክን በመሳሰሉ ከተሞች የቤት ለቤት መጠይቅ ተጀመረ። በ1950 ደግሞ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመንገድን የማስተናገድ አቅም የሚለካበትን የመጀመሪያ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ።

ቀጥሎ በዲትሮይት ከ1953፣ በቺካጎ ከ1955 ጀምሮ በዳግላስ ካሮል መሪነት የተካሄዱት ጥናቶች ሙያውን ወደ አዲስ ደረጃ አደረሱት። በቺካጎ ከሠላሳ ቤተሰብ አንዱ በናሙናነት ተመርጦ ስለ ዕለታዊ ጉዞው ተጠየቀ። ትንተናውም ከጊዜ በኋላ በአራት ደረጃዎች የተለመደ ሆነ። በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ሠፈር ስንት ጉዞ እንደሚነሣ ይገመታል፤ ሁለተኛ ጉዞው ወዴት እንደሚያመራ ይከፋፈላል፤ ሦስተኛ በመኪና ነው ወይስ በሕዝብ ማመላለሻ የሚለው ይለያል፤ በመጨረሻ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ይመደባል። የቺካጎ ባለሙያዎች ብዙውን ዘዴ ራሳቸው እየፈተኑ ያዳበሩት ስለነበር እያንዳንዱ ቍጥር ከምን ግምት እንደ ተነሣ ያውቁ ነበር።

ፈተናው የመጣው ዘዴው ወደ ሌሎች ሲሸጋገር ነው። በ1962 የወጣው ሕግ ከ50,000 በላይ ሕዝብ ያላቸው የከተማ አካባቢዎች ከሐምሌ 1 ቀን 1965 በኋላ የፌዴራል የመንገድ ገንዘብ የሚያገኙት ቀጣይ፣ የተሟላና በትብብር የሚካሄድ የትራንስፖርት ዕቅድ ሲኖራቸው ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በብዙ ከተሞች ይህን ሊያካሂድ የሚችል ድርጅት አልነበረም። ቢሮው መመሪያዎችን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችንና ሥልጠናን በማቅረብ ክፍተቱን ለመሙላት ጣረ። ቀነ ገደቡ ሲደርስም ሕጉ የሚመለከታቸው 224 የከተማ አካባቢዎች በሙሉ የዕቅድ ሥራቸውን ጀምረው ተገኙ።

ውጤቱ በአኃዝ ሲታይ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ተዘጋጅቶ የመጣን ዘዴ በጥድፊያ የተቀበለ ሠራተኛ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል መፈጸም ቢችልም፣ በውስጣቸው ያሉትን ግምቶች ለመጠየቅ አይደፍርም። ዳግላስ ሊ የተባለው ምሁር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ በጊዜው የነበሩትን ታላላቅ የከተማ ሞዴሎች በሰባት ጉድለቶች ነቅፏል። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ለመመለስ መሞከራቸው፣ ከመጠን ያለፈ መረጃ መፈለጋቸው፣ ውስብስብነታቸውና ውድነታቸው ከነቀፋዎቹ መካከል ነበሩ።

የቦስተን ትምህርት

የነገሩ ክብደት በቦስተን ከተማ ታየ። በ1948 በወጣው የአውራ ጎዳና ዕቅድ መሠረት ከተማውን በቀለበት የሚዞር ፈጣን ጎዳና ይሠራ ዘንድ ታስቦ ነበር። ከእርሱ ጋር ለሚገናኘው የደቡብ ምዕራብ ጎዳናም በሮክስበሪና በጃማይካ ፕሌይን ብዙ ቤቶች ፈርሰው ቦታው ተጠረገ። ነዋሪው ግን ተቃወመ።

በየካቲት 1970 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ፍራንሲስ ሳርጀንት አብዛኛው የጎዳና ሥራ እንዲቆምና ዕቅዱ እንደ ገና እንዲመረመር አዘዘ። ሳርጀንት ቀደም ሲል ራሱ መንገድ የሚሠራውን መሥሪያ ቤት የመራ ሰው ነበር፤ የትራንስፖርት ችግር መፍትሔው ጎዳና ብቻ ነው የሚለው እምነት ስሕተት እንደ ነበረም በአደባባይ አመነ። በምርመራው መሐንዲሶች፣ የዕቅድ ባለሙያዎችና የነዋሪው ወኪሎች አማራጮችን ጎን ለጎን አስቀምጠው መዘኑ። በ1972 መጨረሻ ቀለበቱና የደቡብ ምዕራቡ ጎዳና ተሰረዙ። ቤቶች በፈረሱበት ቦታ ላይ በ1987 የከተማ ባቡር መሥመር ተከፈተ፤ መናፈሻም ተሠራ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ባለሙያዎቹ ሒሳብ አያውቁም ነበር የሚል አይደለም። «ጎዳናው ስንት መኪና ያሳልፍ?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው ትክክለኛው መልስ ቍጥር ነው። «ጎዳናው ያስፈልጋልን? ጕዳቱስ በማን ላይ ይወድቃል?» የሚለው ጥያቄ ግን በአሠራሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የአንድ መሥሪያ ቤት ችሎታ ሲመዘን የሠራተኛው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን አሠራሩ የሚፈቅድለት ጥያቄም አብሮ መመዘን ይኖርበታል።

የምዘናው መልክ

ይህን የሚመለከቱ ርምጃዎች ቀስ በቀስ ተወስደዋል። በ1970 በወጣው ሕግ የመንገድ መሥሪያ ቤቶችን ሠራተኞች የሚያሠለጥን ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ተቋም ተመሠረተ። ከ2004 ጀምሮ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ለየትኛው ጥያቄ የትኛው የትንተና መሣሪያ እንደሚስማማ የሚያስረዱ ተከታታይ መጻሕፍት አውጥቷል።

ከዚህም ሌላ በ1980ዎቹ በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ የተዘጋጀው የብቃት ደረጃ ምዘና ወደ ትራንስፖርት ሙያ ተሻግሯል። በዚህ ምዘና ስድስት ነገሮች ይመረመራሉ፤ እነርሱም የሥራ ሥርዓት፣ መሣሪያ፣ የውጤት ልኬት፣ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ፣ ድርጅትና የሰው ኃይል፣ ከሌሎች ጋር ያለው ትብብር ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ሥራው በጥቂት ሰዎች ትጋት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ እነርሱ በለቀቁ ጊዜ ዕውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ከፍ ባለው ደረጃ ግን ግምቱ በጽሑፍ ይቀመጣል፤ ትንበያው ከዓመታት በኋላ ከእውነተኛው ፍሰት ጋር ይነጻጸራል፤ ከስሕተቱም ትምህርት ይወሰዳል። ከስድስቱ መካከል መሣሪያ አንዱ ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ሲያበድርና የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዐዋጅ ሲቋቋም፣ አዲሱን መሥሪያ ቤት በመምራትና ሠራተኛውን በማሠልጠን የረዱት ከዚሁ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ሥራውን ደረጃ በደረጃ ተረክበዋል። መሣሪያን በግዢ፣ መመሪያን በትርጕም ማግኘት ይቻላል፤ አኃዝን የመጠየቅ ልማድ ግን በሥልጠናና በጊዜ ብቻ የሚገኝ ሀብት ነው።

በመሆኑም ዕቅድ አውጪው ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ በሚመድብበት ሰነድ ላይ የሚሠራበትን ሰው የማሠልጠኛና ውጤቱን የመፈተሻ ገንዘብ አብሮ ሊያሰፍር ይገባል። የመምህሩም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ተማሪዎቹን በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የሚያልፉትን ተሽከርካሪዎች አንድ ሰዓት ያህል አስቈጥሮ አማካዩን ማሠራት ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ «ገበያ ባልሆነበት ቀን ብንቈጥር ይህ ቍጥር ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ወደፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብላቸውን አኃዝ ሳይመረምሩ የማይፈርሙ ባለሙያዎችን ማፍራት ይጀምራል።