ስድስት ቁጥርና አንድ ባለቅኔ

ሰውን በቁጥር መጥራት እኛን ተማሪዎችን ያስቆጣናል። መታወቂያችን ቁጥር፣ የፈተና ወረቀታችን ቁጥር፣ የመኝታ ክፍላችንም ቁጥር ነው። ስማችን የት ገባ? እያልን እናማርራለን። ግን ቁጥር ሁልጊዜ የስም ጠላት ነው ወይ? የህንድ ፖስታ ቤት ታሪክ በዚህ ላይ የሚነግረን አለው።

እስቲ ችግሩን እናስበው። በታሚል ፊደል የተጻፈ አድራሻ ሂንዲ ብቻ በሚያነብ ሠራተኛ እጅ ቢገባ ምን ይሆናል? ቢያነበውስ? ቢላስፑር የሚባል ከተማ በሰሜኑ ተራራማ አገር በሂማቻል ፕራዴሽ አለ፤ ሌላ ቢላስፑር ደግሞ ዛሬ ቻቲስጋር በሚባለው ክፍለ ሀገር አለ። እናት ለልጇ የላከችው ደብዳቤ አንደኛውን ትቶ ሌላኛው ዘንድ ቢሄድ ማን ይጠየቃል?

መልሱ የመጣው ህንድ ነፃ በወጣች በ25ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። በየአድራሻው ሥር ስድስት አኃዝ እንዲጻፍ ተወሰነ። አሠራሩ ቀላል ነው። አገሩ በስምንት ክልል ተከፈለ፤ ዘጠነኛው ቁጥር ለጦር ሠራዊቱ ተሰጠ። የመጀመሪያው አኃዝ ክልሉን፣ ሁለተኛው በክልሉ ውስጥ ያለውን ክፍል፣ ሦስተኛው ደብዳቤ የሚለይበትን አውራጃ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ የሚያድለውን ፖስታ ቤት ያመለክታሉ። እንግዲህ የሂማቻሉ ቢላስፑር 174001፣ የቻቲስጋሩ 495001 ሆነ። ለዪው ገና የመጀመሪያዋን አኃዝ ሲያይ 1ን ወደ ሰሜን፣ 4ን ወደ ምዕራብ ይለያል። ቋንቋውን ባያውቅም ግድ የለም።

ይህን የቀየሰው ማን መሰላችሁ? ሽሪራም ቢካጂ ቬላንካር የሚባል የመገናኛ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነው። ሰውዬው የሂሳብ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በሳንስክሪት የሚቀኝ ባለቅኔና የተውኔት ደራሲም ነበረ። ቃል የሚወድ ሰው ቃል እንዳይጠፋ ቁጥር ሠራ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሆነ፣ ተቀባዩ ራሱ ሄዶ ሣጥኑን ይከፍታል። በህንድ ግን ስድስቱ ቁጥር ሥራቸውን የሚጨርሱት ፖስታ ቤቱ በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ፖስተኛው ቦርሳውን አንግቦ ይወጣል፤ ቤቱን የሚያገኘውም ስሙን አንብቦ፣ ጎረቤት ጠይቆ ነው። ቁጥሩ አገር ያቋርጣል፤ ደጃፍ የሚያንኳኳው ግን ስም ነው።