ለአባይ ቀዘፋ ጓዝ ሲሰናዳ

ወንዝ ላይ በቡድን ለመቅዘፍ ምን ያስፈልጋል ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ጀልባ፣ መቅዘፊያ፣ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ዋና የሚችሉ ሁለት ሦስት ጓደኞች… እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። የአባይ ታሪክ ግን ሌላ ይላል። አባይ ከጀልባው በፊት የሚጠይቀው ወሩን ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ውሃውን የሚያውቅ ሰው።

በ1895 ዓ.ም ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ሀብታም አባይን ቁልቁል ልውረድ ብሎ ተነሣ። ገንዘብ አልቸገረውም፤ ጀልባዎቹን በብረት አሠርቶ ነበር የመጣው። ምን ዋጋ አለው! ውሃ ላይ ወርደው ብዙም ሳይቆዩ ተሰባበሩ። ጉዞው በአጭሩ ተቀጨ።

ቀጥሎ የመጣው እንግሊዛዊው ቺዝማን ረጋ ያለ ነበር። ከ1918 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ፣ ጀልባ ሳያምረው ሸለቆውን በበቅሎና በእግሩ ተከትሎ ካርታ አነሣ። መንገዱን የሚመራውም ያገሬው ሰው ነበር።

ዝግጅት ማለት ምን እንደሆነ ያሳዩት በ1960 ዓ.ም ክረምት የመጡት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። መሪያቸው ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል ነሐሴን መረጠ። እኛ በነሐሴ ወንዝ አትቅረቡ እየተባልን ነው ያደግነው! የእነሱ ሒሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ወንዙ ሲሞላ ዐለቱን ስለሚሸፍነው ትልልቆቹ ጀልባዎች ከላዩ ያልፋሉ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ከሚያሻግረው ድልድይ በታች ያለውን ክፍል በዚህ ዘዴ ወረዱ። ከጣና እስከ ድልድዩ ላለው አስቸጋሪ ክፍል ደግሞ በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ያዙ፤ ብረት በሚሰበርበት ጎማ ይተጣጠፋል። ስንቅ የምታቀብል ትንሽ አውሮፕላን ነበረቻቸው፤ ሬዲዮውም ገመዱም አልቀረም። ያም ሆኖ ኢያን ማክሌዎድ የተባለው ባልደረባቸው ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ቀረ፤ ሽፍቶችም ተኮሱባቸው።

በ1996 ዓ.ም ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ሲወርዱ ግን የተነሡት በበጋ፣ በታኅሣሥ ነው። መልሱ ተለያየ እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ በየትኛው ወር?

ውሃ ማወቅ ከተባለ ደግሞ ጣና ዳር ማን አለና! የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው ታንኳ ይሠራሉ። ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዕድሜውም የወራት ነው። ስለዚህ የእነሱ ዝግጅት ማብቂያ የለውም። የማክሚላን ስም መጽሐፍ ላይ ሲሰፍር እነሱ ግን በገዛ ጎረቤቶቻቸው ተንቀው ኖሩ። እኛን የሚቆጨን ይህ ነው።

ዛሬ «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት አርጅቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ማደሪያ ሰጥቶታል። ወታደሮቹ የወረዱበት የታችኛው ሸለቆ ከፊሉ ሐይቅ ሆኗል፤ ለዚያ ክፍል የፈረንጆቹ ማስታወሻ መንገድ አያሳይም። የእኛው ቀዛፊዎች አንድ ቀን በአባይ ላይ መውረዳቸው አይቀርም። ያን ቀን ጀልባውን ከውጭ ያስመጡት፣ ግድ የለም። ወሩንና ውሃውን ግን የወንዙን ዳር ሰው ይጠይቁ፤ ስሙንም መጻፍ አይርሱ።