የማይዝግ ብረትና የተራ ብረት መጋጠሚያ

የማይዝግ ብረት ታሪክ ረጅም አይደለም። ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር በጀርመን አገር፣ በኤሰን ከተማ፣ በክሩፕ ኩባንያ ሲሠሩ ክሮሚየምና ኒኬል የተዋሐዱበትን ብረት ያስገኙት እ.ኤ.አ. በ1912 ነበር። በተከታዩ ዓመት ሃሪ ብሬርሊ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ወደ 13 ከመቶ የሚጠጋ ክሮሚየም ያለበትን ብረት አቀለጠ። ይሁንና ብረቱ ውድ ስለ ሆነ ፋብሪካን በሙሉ ከእርሱ መሥራት የሚታሰብ አልነበረም። አሲድ የሚነካው ወይም ብርቱ ሙቀት የሚያርፍበት ክፍል ከማይዝግ ብረት፣ የቀረው ከተራ ብረት ይሠራ ጀመር። ስለዚህም ሁለቱ የሚገናኙበት ስፌት በየስፍራው ግድ ሆነ።

ሁለቱን በብየዳ ማጣበቁ ራሱ ከባድ አልነበረም። ከባዱ፣ ቀልጦ የሚረጋው ብረት ከሁለቱ ወገን አንዱንም የማይመስል ሦስተኛ ብረት መሆኑ ነው። 18 ከመቶ ክሮሚየምና 8 ከመቶ ኒኬል ያለበት ብረት ከተራ ብረት ጋር፣ 20 ከመቶ ክሮሚየምና 10 ከመቶ ኒኬል ባለው ኤሌክትሮድ ተበየደ እንበል። ከስፌቱ 30 ከመቶው ከሁለቱ ወገኖች እኩል ቀልጦ የገባ ቢሆን፣ የስፌቱ ክሮሚየም ወደ 17፣ ኒኬሉም ወደ 8 ከመቶ ይወርዳል። እንዲህ የተበረዘ ስፌት ሲቀዘቅዝ ማርቴንሳይት የተባለው ጠጣርና ተሰባሪ መዋቅር ሊፈጠርበት ይችላል። ላዩ ያማረ ስፌት ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ያስቻለው አንተን ሼፍለር እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው ሥዕል ነው። በአግድም የክሮሚየም አቻ፣ በቁም የኒኬል አቻ ይለካል፤ ካርቦን በኒኬል ወገን 30 እጥፍ ሆኖ ይታሰባል። መሐንዲሱ የሁለቱን ብረቶችና የኤሌክትሮዱን ነጥቦች በማስመሪያ እያገናኘ ስፌቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ያያል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ 24 ከመቶ ክሮሚየምና 13 ከመቶ ኒኬል ያለው ኤሌክትሮድ ቢተካ፣ ነጥቡ ከማርቴንሳይት ርቆ፣ ኦስቴናይት ከጥቂት ፌራይት ጋር ወደሚገኝበት ክልል ይገባል፤ ያም ጥቂት ፌራይት ስፌቱ ገና ትኩስ ሳለ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። በየወርክሾፑ «309 አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ሲወራረስ ይኖራል፤ ምክንያቱ ግን በዚህ አንድ ገጽ ላይ ተሥሎ ይገኛል።

ሆኖም ሥዕሉ የሚናገረው ስፌቱ በተበየደበት ቀን ስላለው መዋቅር እንጂ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ስለሚደርስበት አይደለም። የእንፋሎት ኃይል ማመንጫዎች ይህን በኪሳራ ተማሩት። ኦስቴናይታዊው ብረት ሲሞቅ ከተራው ብረት በአንድ ሦስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይለጠጣል፤ ቦይለሩ በተነሣና በቆመ ቁጥር ስፌቱ በመካከል ይጎተታል። በዚያም ላይ ካርቦኑ ክሮሚየም ወደሚበዛበት ወገን ቀስ በቀስ ይሰደዳል፤ ትቶት የሚሄደውም ቀጭን ንጣፍ ይደክማል። ስንጥቁ በዚያው ዳር ይጀምራል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት በኒኬል ላይ የተመሠረተ መበየጃ ነበር፤ አለጣጠጡ በሁለቱ መካከል ነው፣ የካርቦኑንም ስደት ያዘገያል። የስፌቱ ዕድሜ በእጅጉ ረዘመ።

መድኃኒቱም የራሱን ሕመም ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት በሚገኘው የቪ.ሲ. ሰመር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የቦሪክ አሲድ ዝቃጭ ተከማችቶ ተገኘ። የሬአክተሩ አፍ ከማይዝግ ብረት ቧንቧ ጋር የተጋጠመበት፣ 82 እና 182 በሚባሉት የኒኬል ቅይጦች የተበየደው ስፌት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር። ስፌቱ በግንባታው ጊዜ ብዙ ጥገና ተደርጎለት ስለ ነበር በውስጡ የቀረው ውጥረት ከፍተኛ ነበር፤ ይህ ውጥረትና የሞቀው ውኃ ተባብረው ስንጥቁን አሳደጉት። ማመንጫው ሥራ ከጀመረ 16 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ስፌቱ ተቆርጦ ወጥቶ 30 ከመቶ ያህል ክሮሚየም ባለው የኒኬል ቅይጥ እንደገና ተበየደ።